ዘይት የሚያፈስ አሮጌ ላንድክሩዘር፦ ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «እ.ኤ.አ. የ1994 ስሪት ላንድክሩዘር 80 አለኝ። ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር፣ ማኑዋል ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን)። ሞተሩና ካምቢዮው ከሚጋጠሙበት ቦታ ሥር በየጠዋቱ ጥቁር ዘይት አገኛለሁ። የፊት ቀኝ ጎማ በውስጥ በኩል በቀጠነ ጥቁር ግሪስ ተለቅልቋል። የካምቢዮው ዘይት ደግሞ መሬት ላይ ምንም ሳይታይ ይጎድላል። መካኒኬ ካምቢዮው ወርዶ የኋላው የክራንክ ፓራኦሊዮ (የሞተሩ ዋና ዘንግ ዙሪያ ዘይት እንዳያመልጥ የሚይዘው የጎማ ቀለበት) ይቀየር ብሎኛል። ልስማማ ወይስ አርጅቷልና ልተወው?»

ወንድሜ፣ ገና አትስማማ። መካኒክህ ተሳስቷል ማለቴ አይደለም። ልክ ሊሆንም ይችላል። ግን ካምቢዮ ማውረድ የሚመጣው ሌላው ሁሉ ከታየ በኋላ ነው።

ይህን የምልህ እኔም ስለተቀጣሁበት ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ሰው ልክ እንዳንተ ያለ መኪና ይዞልኝ መጣ። ሞተሩና ካምቢዮው ከሚጋጠሙበት ከፍሪሲዮኑ (ከክላቹ) ቤት ሥር ዘይት ጠብ ጠብ ይላል። ከሥር ገብቼ በባትሪ አየሁና «የኋላው ፓራኦሊዮ ነው» አልኩ። በቃ፣ ፈረድኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ካርዳኖቹን (ኃይል ወደ አክስሎቹ የሚወስዱትን ዘንጎች) ፈትቼ፣ ካምቢዮውን ከነትራንስፈሩ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ከሚያከፋፍለው ሳጥን ጋር) አውርጄ፣ ፍሪሲዮኑን አውጥቼ አዲስ ፓራኦሊዮ አስገባሁ። መኪናውን ባስረከብኩ በሦስተኛው ቀን ሰውየው ተመልሶ መጣ። ምንም አልተናገረም። ከኋላ ወንበር አንድ ካርቶን አወጣና እግሬ ሥር ዘረጋው። መሃሉ ላይ ጥቁር ክብ አለ። ያው ቦታ፣ ያው ስፋት። ኮፈኑን ከፍቼ እጄን ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ራስ) ጀርባ፣ ሞተሩና የኋላ ግድግዳው መካከል ባለችው ጠባብ ክፍተት ሰደድኩ። ጣቶቼ ጥቁር ሆነው ወጡ። ዘይቱ ከቫልቭ ክዳኑ የኋላ ጥግ ወጥቶ፣ የሞተሩን ጀርባ ይዞ ወርዶ፣ የፍሪሲዮኑ ቤት ታችኛው ጫፍ ላይ ሲደርስ ነበር ጠብ የሚለው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር አልረሳም። ዘይት የሚንጠባጠብበትና የሚወጣበት ቦታ አንድ አይደለም። መኪና ሲቆም ዘይት ወደ ታች ይወርዳል። መኪና ሲሄድ ደግሞ ከፊት የሚመጣው ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ ከሞተሩ ፊትም ይውጣ ከላይ፣ ማረፊያው ብዙ ጊዜ ያው የፍሪሲዮኑ ቤት ሥር ነው። እዚያ ዘይት አየህ ማለት «ከዚህ በላይና ከዚህ ፊት የሆነ ቦታ ያፈሳል» ማለት ብቻ ነው። ሁልጊዜ የምትፈልገው እርጥቡ ቦታ የሚጀምርበትን ከፍተኛውንና ፊተኛውን ነጥብ ነው።

በመጀመሪያ ግን የሚፈሰው ምን እንደሆነ እንወቅ። ማታ መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁመህ ከሥሩ ንጹህ ካርቶን ዘርጋ። አራቱ ጎማዎች የት እንዳሉ ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርግ፤ አለበለዚያ ጠዋት ካርቶኑን ስታወጣ ፊቱና ኋላው ይጠፋብሃል። ከዚያ ጠብታውን እይ፣ በጣትህ እሸው፣ አሽተው። የናፍጣ ሞተር ዘይት በተቀየረ በጥቂት ቀን ውስጥ ይጠቁራል፣ ሽታውም የጥቀርሻ ነው። የካምቢዮና የዲፈረንሻል (አክስሉ ላይ ያለው የጥርስ ሳጥን) ዘይት ግን ውስጡ ድኝ ስላለ አፍንጫ የሚይዝ መጥፎ ሽታ አለው። አንዴ ካሸተትከው አትረሳውም። ያንተ ጉዳይ ግማሹ እዚህ ላይ ሊያልቅ ይችላል። ከፍሪሲዮኑ ቤት ሥር የሚንጠባጠበው የድኝ ሽታ ካለው ነገሩ የሞተሩ ፓራኦሊዮ አይደለም። ምናልባት የካምቢዮው የፊት ፓራኦሊዮ ነው።

የመሪው ዘይት በብዛት ቀይ ነው፣ ሲያረጅ ወደ ቡናማ ይሄዳል። የራዲያተር ኩላንት ውሃማ ሆኖ ጣፋጭ ሽታ አለው፤ የደረቀበት ቦታ ላይ ነጭ ወይም ቀለም ያለው ቅርፊት ይተዋል። እሱን በምላስህ እንዳትሞክር። አብዛኛው ኩላንት ውስጥ ያለው ኤቲሊን ግላይኮል መርዝ ነው፤ ሕፃናትና እንስሳት ጣዕሙን ይወዱታል፣ ስለዚህ መሬት ላይ የፈሰሰውን ቶሎ እጠበው። ናፍጣ በሽታው ይታወቃል፤ የነካውን ጥቁር ቆሻሻ ስለሚያጥብም የወረደበት መስመር ከአካባቢው ይልቅ ንጹህ ሆኖ ይታያል። ከኤሲ ሥር የሚወርድ ንጹህ ውሃ ከሆነ ተወው፣ ጤና ነው።

የፍሬን ዘይት ለብቻው ይነገር። ቀጭን ነው፣ ቀለም ይልጣል፣ በውሃ ይታጠባል። ጎማ ውስጥ፣ ፔዳል ሥር ወይም ከኮፈኑ ሥር ካለው የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያ በታች እሱን ካየህ ይህን ጽሑፍ ማንበብ አቁምና መኪናውን አቁም። ሌላው ሁሉ በትዕግሥት ይሠራል። ይሄ አይጠብቅም። ዘይቱ እየጎደለ ጠብታው ከጠፋብህም ዋናውን የፍሬን ፓምፕ ከኋላው ካለው ክብ ሰርቮ አላቀህ እይ፤ ወደዚያ ውስጥ ሊፈስ ይችላል። ሰርቮው ከፓምፑ ሥር ቀለሙ ተልጦ ካየህ ማስረጃው ያ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥቁር ዘይት እንመለስ። ቀጣዩ ሥራ ማጠብ ነው። ብዙ ሰው ይህን ይዘላል። ሠላሳ ዓመት የተጠራቀመ ዘይትና አቧራ በተጋገረበት ሞተር ላይ ፍሳሽ መፈለግ ጭቃ ውስጥ እርጥብ ቦታ እንደመፈለግ ነው። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ እዚህ ደግሞ ቃል በቃል ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ቅባት ማስለቀቂያ ቀባው፣ በብሩሽ ፈግፍገው፣ በዝቅተኛ ግፊት ውሃ እጠበው። ዲናሞውን፣ የአየር መሳቢያውንና የኤሌክትሪክ ማገናኛዎችን በላስቲክ ሸፍን። በከፍተኛ ግፊት የሚታጠብ ከሆነ ውሃውን ፓራኦሊዮዎችና መተንፈሻዎች ላይ አታነጣጥር፤ ከሚያወጣው ቆሻሻ የሚያስገባው ውሃ ይብሳል።

ከደረቀ በኋላ የምወዳት ዘዴ አለች። የሕፃን ፓውደር። የጠረጠርከው ቦታ ላይ፣ ከቫልቭ ክዳኑ ዙሪያ ጀምሮ በሞተሩ ጀርባ እስከ ፍሪሲዮኑ ቤት ድረስ ስስ አድርገህ ንፋበት። ነጭ ይሆናል። ቺንጊያዎቹ (የሞተሩ የጎማ ቀበቶዎች) ላይ እንዳይደርስ ተጠንቀቅ። ከዚያ መኪናውን ሃያ ደቂቃ ያህል ንዳ፣ ተመለስ፣ ባትሪና ትንሽ መስታወት ይዘህ እይ። ነጩ ዱቄት ላይ ዘይቱ እንደ ቀጭን ቡናማ ክር ሆኖ ይታይሃል። ክሩን በዓይንህ ወደ ላይ ተከተል። የሚቆምበት ቦታ እሱ ነው። እኔ ይህን ባየሁ ቁጥር እንደ ልጅ ደስ ይለኛል።

ዱቄቱ ካላሳየህ ወይም ፍሳሹ በጣም ቀስ ያለ ከሆነ ዘይቱ ውስጥ የሚጨመር የሚያበራ ቀለም አለ። ጥቂት ቀን ነድተህ በጨለማ በአልትራቫዮሌት ባትሪ ስታየው ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ጥሩ መሣሪያ ነው። ግን ሳታጥብ ከተጠቀምክበት እሱም ሁሉንም ነገር አረንጓዴ ያደርግብሃል።

የቫልቭ ክዳኑ ከሆነ ተገላገልክ ማለት ነው። ሥራው ትንሽ ነው። ጋርኒሲዮኑ (ክዳኑ ሥር ያለው ማሸጊያ) በሙቀት ደርቆ እንደ ፕላስቲክ ይሆናል፤ በጥፍርህ ስትጫነው ምልክት አይቀበልም። ክዳኑን አውርደህ ሁለቱንም ፊት ሳትቧጭር አጽዳ። ካምሻፍታቸው (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ቴስታታ ላይ በሆነ ብዙ ሞተሮች የኋላው ጫፍ ላይ ግማሽ ጨረቃ የሚመስል የጎማ መወተፊያ አለ። ዋናው ሌባ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። የተቀመጠበት ግማሽ ክብ ከጠፍጣፋው ፊት ጋር የሚገናኝበት ሁለት ጥግ ላይ ብቻ የስንዴ ፍሬ የምታህል ሲሊኮን አድርግ። ዙሪያውን ሁሉ ሲሊኮን የሚቀባ ሰው ካየህ አስቁመው። ወደ ውስጥ የተረፈው ይቆረጥና ዘይት መሳቢያው ወንፊት ላይ ሄዶ ይለጠፋል። ብሎኖቹን ከመሃል ወደ ዳር፣ በትንሽ በትንሹ፣ በሁለት ዙር አጥብቅ። ትናንሽ ብሎኖች ናቸው፤ ጉልበት አይፈልጉም። ከመጠን በላይ የጠበቀ ክዳን ይጣመምና ከበፊቱ የባሰ ያፈሳል። «አፈሰሰ፣ አጥብቄው» የሚለው አስተሳሰብ ያበላሸውን ክዳንና የኮፓ (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ቋት) ጠርዝ ብቆጥር አልጨርስም።

ሞተሩ ፊት ላይ ከፑሊው ጀርባ ዘይት ካገኘህ አትዘግይ። ይህ ሞተር ታይሚንግ ቤልት (የቫልቮቹንና የፒስተኖቹን ጊዜ የሚያስማማ የጎማ ቀበቶ) አለው፤ ጎማ ደግሞ ዘይት አይወድም። ዘይት የጠጣ ቤልት ዕድሜው ሳይሞላ ሊበጠስ ይችላል፤ ያኔ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ስለዚህ የፊት ፓራኦሊዮ ሲቀየር ዘይት የነካው ቤልት አብሮ ይቀየራል። የውሃ ፓምፑን ከሥር ስታይ ደግሞ ትንሽ ቀዳዳ ታገኛለህ። የተሠራው ሆን ተብሎ ነው። ከእሱ ኩላንት መጣ ማለት የፓምፑ የውስጥ መዝጊያ አልቋል ማለት ነው። አንድ ጊዜ ይህችን ቀዳዳ በብረት ሙጫ የደፈኑባት መኪና ገጥሞኛል። ውሃው መውጫ ሲያጣ ወደ ኩሽኔታው (የፓምፑ ዘንግ ወደሚሽከረከርበት ተሸካሚ) ሄዶ ጨርሶታል።

አንድ ነገር ግን ከማንኛውም ጋርኒሲዮንና ፓራኦሊዮ በፊት አረጋግጥ፦ መተንፈሻ። ይህን ስንት ጊዜ እንደምደግመው አላውቅም፣ ግን ከመቶ ሰው አምስቱ እንኳ አይቶት አይመጣም። ፒስተን ቀለበቶች በኩል ሁልጊዜ ትንሽ ጋዝ ወደ ታች ያመልጣል። ያ ጋዝ ከቫልቭ ክዳኑ በሚነሳ ጎማ ቱቦ ወደ አየር መሳቢያው ይወጣል። ቱቦው በጥቀርሻና በዘይት ከተደፈነ ሞተሩ ውስጥ ግፊት ይጠራቀማል፤ ግፊቱ ደካማውን ቦታ ፈልጎ ዘይቱን ይገፋል። ዛሬ አንዱን ብታደርቀው ነገ ሌላው ይጀምራል። ቱቦውን ንቀል፣ በውስጡ ንፋ፣ አጽዳው። ከዚያ ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትተህ ቀዳዳው ላይ ልቅ አድርገህ አስቀምጠው። ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ደህና ነው። እየዘለለ ከወደቀና ከቀዳዳው እንደ ባቡር ጭስ ከተፋ ችግሩ ጋርኒሲዮን ሳይሆን ያለቁ ቀለበቶች ናቸው፤ ያኔ የምትመክርበት ነገር ሌላ ነው።

ዲፈረንሻሎቹም፣ ካምቢዮውም፣ ትራንስፈሩም እያንዳንዳቸው መተንፈሻ አላቸው። በዲፈረንሻሉ ቱቦ አናት ላይ ትንሽ የብረት ቆብ አለች፤ በጣትህ ስትነካት መዞርና መነሳት አለባት። አብዛኞቹ አሮጌ መኪኖች ላይ በጭቃ ተጣብቃ ድንጋይ ሆናለች። ዲፈረንሻል ሲሠራ ይሞቃል፣ አየሩ ይሰፋል፣ መውጫ ካጣ ዘይቱን በፓራኦሊዮው ከንፈር በኩል ይገፋዋል። ከዚያም የጋለው አክስል ወንዝ ውስጥ ሲገባ ድንገት ይቀዘቅዛል፤ አየሩ ይኮማተራል፤ አሁን ደግሞ ውሃውን በዚያው በፓራኦሊዮው ይስባል። ወንዝ ተሻግረህ በሳምንቱ የዲፈረንሻል ዘይትህ ነጣ ያለ ክሬም መስሎ ካገኘኸው ምክንያቱ ይሄ ነው። ቆቧን አውጥተህ ቀጭን የጎማ ቱቦ ሰክተህ ወደ ኮፈኑ ሥር ከፍ አድርጎ ማሰር ይቻላል። ግማሽ ቀን የማይሞላ ሥራ ነው፤ ከመንገድ ውጭ ለሚሄድ መኪና ከምንም ጌጥ ይበልጣል።

ወደ ፊት ቀኝ ጎማህ ልምጣ። ይህን ሳላየው መናገር እችላለሁ ማለት ይቻላል። የላንድክሩዘር 80 የፊት አክስል ጫፉ ላይ ኳስ የሚመስል ዝግ የብረት ቤት አለው። ውስጡ ጎማው እየታጠፈም እንዲሽከረከር የሚያደርገው መጋጠሚያ አለ፤ ቢርፊልድ ይሉታል። ቤቱ በወፍራም ግሪስ ይሞላል። ዲፈረንሻሉ ግን ቀጭን ዘይት ነው ያለው። ሁለቱን የሚለየው ከአክስሉ ቱቦ ጫፍ ላይ ያለ አንድ ፓራኦሊዮ ብቻ ነው። እሱ ሲያልቅ የዲፈረንሻሉ ዘይት ወደ ኳሱ ይገባል፣ ግሪሱን ያቀጥነዋል፣ ጥቁር ሾርባ ያደርገዋል፣ ከዚያ በኳሱ ጀርባ ባለው መጥረጊያ ጎማ በኩል ይወጣል። ያንተ «የቀጠነ ጥቁር ግሪስ» እሱ ነው።

ስህተቱ የሚሠራው እዚህ ነው። ሰው ሾርባው የወጣበትን መጥረጊያ ጎማ ያይና እሱን ይቀይራል። መጥረጊያው ግን አቧራ ለመጥረግ እንጂ ዘይት ለመያዝ አልተሠራም። ጥፋተኛው ከውስጥ ነው። ሥራው ሙሉ መፍታት ይጠይቃል፦ የፍሬን ካሊፐሩ ይፈታል (በሽቦ አንጠልጥለው፣ በራሱ ቱቦ እንዳይንጠለጠል)፣ ሀቡ (ጎማው የሚታሰርበት መሃል) ይወጣል፣ ከጀርባው ያለው የብረት ዘንግ ይወጣል፣ ከዚያ ሻፍቱ ከነቢርፊልዱ ይጎተታል። ኳሱን በሚይዙት ኩሽኔታዎች ላይና ሥር ያሉትን ስስ የብረት ቁራጮች የላይኛውን ከታችኛው እንዳታደባልቅ ለየብቻ አስቀምጥ። ሾርባውን እስከ መጨረሻው አጽዳ፤ በአሮጌው ላይ አዲስ ግሪስ አይጨመርም። ሞሊብዲነም ያለበት ግሪስ ለቢርፊልዱ ነው። የሀቡን ኩሽኔታዎችም እይ፤ ቀጭኑ ዘይት እዚያም ደርሶ ግሪሳቸውን አጥቦት ይሆናል።

አዲሱን ፓራኦሊዮ ከገጠምክ በኋላ አንድ አደገኛ ደቂቃ አለ። ሻፍቱ ከባድ ነው፣ ጫፉ ደግሞ ጥርስ ጥርስ ነው። መልሰህ ስታስገባው ከደገፍከው ውጭ በራሱ ክብደት ዘምሞ ጥርሱ አዲሱን የጎማ ከንፈር ይቦጭቃል። ሥራው ሁሉ ከንቱ ሆኖ በወሩ እንደገና ይጀምራል። በሁለት እጅ፣ ቀጥ አድርገህ፣ ክብደቱን ተሸክመህ፣ ዲፈረንሻሉ ውስጥ ጥርሱ እስኪይዝ ድረስ አስገባው። አንድ ሰው ባትሪ ይዞልህ ቢያይልህ ይሻላል። ቀኙ ካለቀ ግራውም ብዙ አይቆይምና ሁለቱን አንድ ላይ አድርግ። የዲፈረንሻሉንም ዘይት ቀይር፤ ጎድሏል፣ ግሪስም ገብቶበት ይሆናል።

የኋላ ጎማዎችንም በዚያው እይ። የኋላው ዲፈረንሻል ዘይት ወደ ፍሬን ሸራ ከደረሰ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ይስባል። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ቢታጠብም አይድንም። በሁለቱም ጎን አዲስ አድርግ።

የጠፋው የካምቢዮ ዘይት አስገራሚ ቢመስልም ቀላል ነው። መሬት ላይ ካልታየ ሌላ ቤት ገብቷል። በካምቢዮውና በትራንስፈሩ መካከል አንድ ፓራኦሊዮ አለ፤ እሱ ሲደክም ዘይት ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። በነዚህ መኪኖች የታወቀ ጠባይ ነው። መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁመህ የሁለቱንም የመሙያ ብሎን ፍታ። ልክ የሆነ ዘይት ከቀዳዳው ታችኛ ጠርዝ ጋር እኩል ነው ወይም ጣትህን ስታስገባ ወዲያው ትነካዋለህ። የትራንስፈሩን ስትፈታ ዘይት ቡልቅ ብሎ ከወጣና ካምቢዮው ከጎደለ ነገሩ ተፈታ፣ ዘይቱ ተገኘ። ሁልጊዜ የመሙያውን ብሎን ከማፍሰሻው በፊት ፍታ። አፍስሰህ ስትጨርስ የመሙያው ብሎን ዝጎ አልፈታ ካለህ መኪናህ ባዶ ካምቢዮ ይዞ እዚያው ቀረ።

ማኑዋል በሆነው መኪናህ ላይ ሁለቱም የማርሽ ዘይት ስለሚጠቀሙ መቀላቀሉ በራሱ አይጎዳም። የሚጎዳው የጎደለው ወገን ነው። ስለዚህ ለጊዜው ትርፉን ከትራንስፈሩ አፍስሰህ ካምቢዮውን እየሞላህ መንዳት ትችላለህ፤ በየወሩ ማየት ግን ግዴታህ ይሆናል። ስትሞላ ጣሳውን አንብብ። ለዲፈረንሻል የሚሠራው ጂኤል 5 የሚባለው የማርሽ ዘይት ደረጃ ነው። ለካምቢዮው መጽሐፉ ጂኤል 4 ካለህ እሱን ስጠው፤ አንዳንድ ጂኤል 5 ዘይቶች ውስጥ ያለው የድኝ ቅመም የካምቢዮን ነሐስ ይበላል።

ፓራኦሊዮ አገጣጠም ላይ ሁለት ቃል። የትኛውንም ብትቀይር አሮጌው ከንፈር የተቀመጠበትን ብረት በጥፍርህ ዳብስ። ጥፍርህ የሚይዘው ጎድጓዳ መስመር ካለ አዲሱ ፓራኦሊዮ እዚያው ጎድጓዳ ላይ ተቀምጦ ያፈሳል፣ አንተም ዕቃውን ትረግማለህ። አዲሱን አንድ ሁለት ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ አድርጎ ያልተበላ ብረት ላይ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ቦታው የሚፈቅድ ከሆነ። ካልሆነ በሻፍቱ ላይ የሚለበስ ስስ የብረት እጅጌ አለ። ሞላ ያለበት ወገን ወደ ዘይቱ ይዞራል። ከንፈሩን ዘይት ቀባው፤ ደረቅ ከንፈር በመጀመሪያው ደቂቃ ይቃጠላል። በመዶሻ ጎን በጎኑን አትምታው፤ ዙሪያውን እኩል የሚጫን ቧንቧ ፈልግ። ሞተር አካባቢ ለሚገቡት ስለ ጎማው ዓይነት ጠይቅ። ተራው ናይትራይል ጎማ 100 ዲግሪ ሴልሲየስ አካባቢ እየተቸገረ ይሄዳል፤ ቫይተን የሚባለው እስከ 200 ይችላል።

በጠርሙስ የሚሸጠው «ፍሳሽ ማቆሚያ» ይረዳል ወይ ብለህ አልጠየቅከኝም፣ ግን መጠየቅህ አይቀርም። ሞተር ዘይት ውስጥ የሚጨመረው የደረቀ ጎማን ትንሽ ያለሰልሳል፤ ለጥቂት ወር ሊያዘገይልህ ይችላል። የተቀደደ ከንፈር ግን አይሰፋም። ራዲያተር ውስጥ የሚጨመረውን ግን ከመኪናህ አርቅልኝ። ቀዳዳ ፈልጎ የሚደፍን ነገር የትኛውን ቀዳዳ መድፈን እንዳለበት አያውቅም፣ የካቢን ማሞቂያውንም ጠባብ ቱቦ ይደፍናል።

«ልተወው?» ላልከው ደግሞ ቁጥር ልስጥህ። ሃያ ጠብታ በግምት አንድ ሚሊሊትር ነው። በደቂቃ አንድ ጠብታ የሚጥል መኪና በቀን 1,440 ጠብታ ማለትም 72 ሚሊሊትር፣ በወር ከ2 ሊትር በላይ ያፈሳል። በአሥር ደቂቃ አንድ ከሆነ ግን በወር ሩብ ሊትር እንኳ አይሞላም። ይህ ቆሞ ያለ መኪና ነው፤ ሞተር ሲሠራ ግፊት ስላለ ይጨምራል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሰዓት ይዘህ ቁጠር። በዝግታ የሚያፈስ የሞተር ዘይት በየሳምንቱ ዲፕስቲክ ከታየለት ብዙ ጊዜ ይታገሣል። ትኩስ ጭስ ቧንቧ ላይ የሚንጠባጠብ ማንኛውም ነገር ግን አይታገሥም፣ እሳት ነው።

እንግዲህ ያንተን እንዲህ ብታደርገው፦ ዛሬ ካርቶንና ሽታ፤ ነገ መተንፈሻዎችና እጥበት፤ ከዚያ ፓውደር። የፊት ጎማውን ፓራኦሊዮ ግን ምርመራ ሳትጠብቅ አሠራ፤ ሾርባው ኩሽኔታዎቹን እየበላ ነው። ከመኪናው ሥር ስትገባ በክሪክ ብቻ ተነሥቶ አይሁን፣ ጠንካራ መቆሚያ አስገባለት፣ ጎማ ሥርም ድንጋይ አድርግ።

ፓውደሩ ከላይ እስከ ታች ነጭ ሆኖ ቀርቶ ዘይቱ ግን ከፍሪሲዮኑ ቤት ውስጥ፣ ከታችኛዋ ቀዳዳ ከመጣና ሽታው የሞተር ከሆነ መካኒክህ ልክ ነበር፤ ይውረድ። የካምቢዮ ዘይት ወደ ትራንስፈር ሲሻገር ካገኘኸውም ካምቢዮውንና ትራንስፈሩን መለያየት አይቀርም። ሁለቱም ፍሳሾች ካሉ ሁለት ጊዜ አታስፈታው። ካምቢዮው አንዴ መሬት ላይ ካለ የክራንኩ የኋላ ፓራኦሊዮ፣ የካምቢዮው የፊት ፓራኦሊዮ፣ በካምቢዮና በትራንስፈር መካከል ያለው፣ የፍሪሲዮን ሸራው ካረጀ እሱም፣ ከነመግፊያ ኩሽኔታው አንድ ላይ ይቀየሩ። ክራንኩ ላይም ጥፍርህን ማሳለፍ እንዳትረሳ።